ጥቂት ግን የማይቋረጥ፦ ተማሪ ልጆች ያሉበት ቤት ሥርዐት

(ለወላጆች ከሚቀርበው የሬዲዮ ዝግጅታችን የተወሰደ ንግግር)

ምስጋና ልጆችን ጸጋም አደራም አድርጎ ለሰጠን ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ባሉበት ቤት ከንጋት እስከ መኝታ ሊኖር ስለሚገባው ሥርዐት ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቁርስ፣ ስለ ደብተር፣ ስለ ሞባይል፣ ስለ ቁጣና ስለ ሰላት እናነሣለን። ጉዳዮቹ ትንንሽ ይመስላሉ። ሆኖም ልጅ የሚያድገው በእነዚሁ ውስጥ ነው፤ ነገ አላህ ፊት ስለ ልጆቻችን ስንጠየቅም የምንጠየቀው ስለ እያንዳንዱ ቀን አያያዛችን ነው።

እስቲ የብዙዎቻችንን ቤት ማለዳ እናስታውስ። ልጁ ማታ አምሽቶ ስለተኛ አልነሣ ይላል። እናት ከማድ ቤት ሆና ትጮኻለች። አንድ ካልሲ ይጠፋል፤ እርሳሱ አልተቀረጸም፤ የቤት ሥራው ትዝ የሚለው ጫማ ሲታሰር ነው። ሻዩ አልቀዘቀዘም ተብሎ ሳይጠጣ ይቀራል። በመጨረሻም ልጁ አንድ ጥፊ ወይም አንድ እርግማን ተሸክሞ ከበር ይወጣል። ማታ አባት ሲገባ ደግሞ ወይ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ወይ ሁሉም በየሞባይሉ ላይ አጎንብሷል። ጁሙዓ ቀን ስለ ልጆች ተርቢያ ኹጥባ ሰምተን የመጣን ዕለት አሥር አዲስ ሕግ እናወጣለን። እስከ ሰኞ አራቱ ይቀራሉ፤ እስከ ረቡዕ አንዱም አይገኝም። ልጆቹ ከዚህ የሚማሩት የቤቱ ሕግ የአባትና የእናት ስሜት መሆኑን ነው። ወላጅ ሲቆጣ ሕጉ ይኖራል፤ ሲደክመው ይጠፋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በተላለፈውና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም እንኳ የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ለሱና ሰላትና ለቁርኣን ንባብ ነው። ለቤታችን ሥርዐትም እንዲሁ ይሠራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ልጅ የሚያስፈልገው ብዙ ሕግ ሳይሆን በየቀኑ የማይቋረጥ ጥቂት ሥርዐት ነው። ያም ሥርዐት ከልጁ በፊት ወላጁን ማሰር አለበት።

ሰባት ዓመትና አምስት ሺሕ ጊዜ

በሀገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባበት መደበኛ ዕድሜ 7 ዓመት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች በሰላት መታዘዝ የሚጀምሩበት አድርገው የጠቀሱትም ይህንኑ ዕድሜ ነው። የትምህርት ቤቱ በርና የመስገጃው ምንጣፍ ለልጁ በአንድ ዓመት ይከፈቱለታል ማለት ነው። በዚያው ሐዲስ ቀጣዩ ደረጃ፣ ማለትም ጠበቅ ያለው ተግሣጽ፣ የተጠቀሰው ለ10 ዓመት ልጅ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ እናስላው። አንድ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ነው። ሦስት ዓመት ከ1060 ቀን ይበልጣል። በቀን አምስት ሰላት ስናበዛው ከ5300 በላይ ይሆናል። አንድ ወላጅ ልጁን ከአምስት ሺሕ ጊዜ በላይ «ልጄ፣ ሰላት ደረሰ፤ ና አብረን እንስገድ» የማለት ዕድል ተሰጥቶታል። በ10 ዓመት ስለሚመጣው ተግሣጽም ዑለማዎች ያስቀመጡት ገደብ ጥብቅ ነው፤ አካል የሚጎዳ፣ ፊት የሚነካ፣ በቁጣ የሚደረግ አይሆንም። ብዙ ቤት የሚታየው ግን አምስት ሺሑን የለስላሳ ጥሪ ዘልሎ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ከዚያም ልጁ ሰላትን ለምን ሸሸ ብለን እንገረማለን። ይህ ስሌት ለሰላት ብቻ አይደለም። ጥርስ መቦረሽም፣ ደብተር መያዝም፣ ውሸትን መተውም እንዲሁ ነው። ልጅ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሲነገረው አልሰማ አለ አይባልም፤ ገና እየተማረ ነው።

ማለዳ የሚጀምረው ማታ ነው

ጠዋት የሚሰማው ጩኸት ብዙውን ጊዜ ሥሩ ማታ ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋቸው ይመክራሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ከትልልቆቹ ጋር ተከታታይ ፊልም ሲያይ ያመሸ ልጅ ለሱብሒ ቢቀሰቀስ የሚያገኘው ከ8 ሰዓት አይሞላም። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ሲነጫነጭ ወይም የተማረውን ሲረሳ ሰነፍ ተብሎ ይሰደባል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ በወሬ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ዒሻ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አካባቢ ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ዒሻን ሰግዶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢተኛና ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ለሱብሒ ቢነሣ 9 ሰዓት ሙሉ ተኝቷል። ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሰላት ሰዓታችን ከወቅት ወቅት ብዙ አይዋዥቅም። ለልጆቻችን የማይናወጥ የእንቅልፍ ሰዓት ለማበጀት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ከመኝታ በፊት ያለችውን ሩብ ሰዓት ለነገ ዝግጅት እናውላት። ዩኒፎርሙ ይሰቀል፤ ጫማው ይጠረግ፤ ቦርሳው በፕሮግራሙ መሠረት ተሞልቶ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ እርሳሱ ይቀረጽ። ይህን የሚያደርገው ራሱ ልጁ ነው። እናት ታያለች እንጂ አትሠራለትም። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ያስቸግራል፤ በወሩ ግን ልጁ ሳይነገረው ይሠራል። ጥርሱን ቦርሾ፣ ውዱእ አድርጎ፣ የመኝታ ዱዓውን ብሎ ይተኛ።

ማለዳና ቁርስ

ልጅን በስሙ በቁልምጫ ጠርቶ፣ ትከሻውን ዳስሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ መቀስቀስ ጊዜ አይፈጅም። ብርድ ልብሱን ገፎ በስድብ ማስነሣት ግን የልጁን ሙሉ ቀን ያበላሻል። አላህ በቁርኣን የሉቅማንን ምክር ሲነግረን፣ አባትየው ስለ ሺርክ፣ ስለ ሰላትና ስለ ትዕግሥት የመሰለውን ከባድ ምክር የጀመረው ልጁን በፍቅር ቁልምጫ ጠርቶ ነው።

ቁርስን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የምገባ መርሐ ግብር አለ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። ምገባ በሌለበት ግን ልጅን በባዶ ሆድ መላክ አይገባም። ቂንጬ ይሁን፣ ፍርፍር ይሁን፣ ዳቦ በሻይ ይሁን፣ አላህ በሰጠን ልክ ተቀምጦ ይብላ።

በማዕድ ላይ ደግሞ ትልቅ ትምህርት አለን። ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደጉ ልጅ ነበሩ። ሲበሉ እጃቸው በገበታው ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ነቢዩ ሦስት ነገር ብቻ ነገሯቸው፦ የአላህን ስም እንዲጠሩ፣ በቀኝ እጃቸው እንዲበሉና ከፊታቸው ካለው እንዲበሉ። ስድብ የለበትም፤ «ስንት ጊዜ ልንገርህ» የለበትም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው በአጭሩ ተነገራቸው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አበላላቸው እንዲያ እንደሆነ ተናግረዋል። እኛ ብዙውን ጊዜ ለልጅ የምንነግረው ምን እንደማያደርግ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት መንገሩን እንረሳለን።

ከትምህርት ቤት መልስ

ልጁ ሲመለስ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት አገኘህ?» መሆን የለበትም። «እንዴት ዋልክ? ከማን ጋር ተጫወትክ? ያስከፋህ ነገር አለ?» እንበለው። የሚመታው ልጅ፣ የሚያስፈራው መንገድ፣ ያልገባው ትምህርት የሚሰማው በዚህች ሰዓት ነው። ይህችን ሰዓት ያጣ ልጅ ሚስጥሩን ለሌላ ሰው ይነግራል።

ቀጥሎ ምግብና ጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጨዋታ የባከነ ጊዜ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ፣ ልጁ እስኪጠግብ ሱጁዳቸውን ያስረዘሙ ነቢይ ናቸው። ከትምህርት ቤት ወደ መድረሳ፣ ከመድረሳ ወደ አስጠኚ ሳያርፍ የሚነዳ ልጅ ቁርኣንን ከድካም ጋር አያይዞ ያድጋል። ስለዚህ ከኡስታዙ ጋር ተነጋግረን ለልጁ የሚቻለውን ልክ እንወስን። በየቀኑ ሦስት አንቀጽ መሐፈዝ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ጭንቅ ይሻላል።

የቤት ሥራ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ቦታ ይኑረው። ጠዋት ለሚማር ልጅ በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለው ጊዜ ይመቻል። በከሰዓት ፈረቃ ለሚማር ልጅ ደግሞ ረፋዱ ይሻላል። ወላጅ አጠገቡ ይቀመጣል፤ አይሠራለትም። ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶችና አባቶችም «እኛ ምን እናውቃለን» አትበሉ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ «ዛሬ ይህን ተማርን» ብሎ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። የተማረውን ለሌላ የሚያስረዳ ልጅ ትምህርቱ ይጸናለታል። እናንተም መምህር ሳትሆኑ አስጠናችሁት ማለት ነው።

ሞባይል

ስለ ሞባይል ከልጆች ጋር የምንጣላው ሕጉ እነርሱን ብቻ ስለሚነካ ነው። አባት እራት ላይ ስልኩን እየነካካ፣ ልጁን «ስልክ አትንካ» ቢለው ቃሉ አይሰማም። ከመግሪብ እስከ ዒሻ የሁላችንም ስልክ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሕጋችን ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ የቤቱ መልክ ይለወጣል። አስቸኳይ ጥሪ ቢመጣ ይነሣል፤ ቲክቶክና ጌም ግን ይቆያሉ። ስልክ ልጆች የሚተኙበት ክፍል አይደር። ልጅ የሚያየውን ነገር በሳሎን፣ ሰው ባለበት ይይ። ለማባበያ ተብሎ ሲያለቅስ የሚሰጠው ስልክ፣ ልቅሶ መክፈቻ ቁልፍ መሆኑን ነው የሚያስተምረው።

ፈቃድ መጠየቅ

ቁርኣን በሱረቱ ኑር፣ 58ኛው አንቀጽ ላይ፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ልጆች ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት ወደ ወላጆቻቸው ክፍል ሲገቡ ፈቃድ እንዲጠይቁ አዟል። ጊዜያቱ ከሱብሒ በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ ናቸው። ልብ እንበል! የዓለማት ፈጣሪ የአንድን ቤት ዕለታዊ ሥርዐት በሰዓቱ ለይቶ ደንግጓል። በሐዲስም ልጆች 10 ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለያይ ታዟል።

ይህ ሥርዐት ልጁ የሌላውን ገመና እንዲያከብር ያስተምረዋል። ከዚያም በላይ የራሱ አካል ገመና እንዳለው ያውቃል። ለልጆቻችን በግልጽ እንንገራቸው፦ ዘመድም ይሁን ጎረቤት፣ አስተማሪም ይሁን ኡስታዝ፣ ትልቅም ይሁን እኩያ፣ ማንም ገላቸውን በማይገባ መንገድ ሊነካ አይችልም። ማንም «ለእናትህ አትንገር» ቢል ወዲያው ይነገረን። ሲነግሩንም አንቆጣቸው፤ አናሳፍራቸው። ከትምህርት ቤት ማን እንደሚወስዳቸው ይታወቅ፤ ከሌላ ሰው ጋር አይሂዱ። የወላጅን ሙሉ ስም፣ የሰፈሩን መጠሪያና የስልክ ቁጥራችንን በቃላቸው ይወቁ። ሐያእ ማለት ዝም ማለት አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ዝም ያለ ቤት ልጁን ብቻውን ይተወዋል።

ቃል፣ ቅጣትና ፍትሕ

አንዲት እናት ልጇን «ና፣ የምሰጥህ አለኝ» ብላ ጠራችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ነገረቻቸው። ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር አስገነዘቧት። ይህን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እኛ በቀን ስንት ጊዜ «ዝም ካልክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ»፣ «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ»፣ «አባትህ ሲመጣ ይገድልሃል» እንላለን? የማንፈጽመውን ተስፋና የማንፈጽመውን ዛቻ ሁለቱንም እንተው። ቃላችን ጥቂት ይሁን፤ የተናገርነው ግን ይፈጸም።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን ማገልገል የጀመሩት የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ሲያገለግሉ አንድም ጊዜ የመሰላቸት ቃል እንዳልሰሙ፣ ስላደረጉት «ለምን አደረግህ»፣ ስላላደረጉትም «ለምን ተውክ» እንዳልተባሉ ተናግረዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ከጂሃድ ሜዳ በስተቀር የነቢዩ እጅ ሴትንም አገልጋይንም መትታ እንደማታውቅ መስክረዋል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ልጆች በትምህርት ቤትና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በትምህርት ቤት የተከለከለው ቀበቶና የኤሌክትሪክ ገመድ እቤት ሊፈቀድ አይገባም።

ታዲያ ጥፋት ያለ ቅጣት ይለፍ ማለታችን አይደለም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይያያዝ። ያፈሰሰ ይጥረግ፤ ያበላሸ ያስተካክል፤ ወንድሙን ያስለቀሰ ይቅርታ ጠይቆ ይካሰው፤ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ቴሌቪዥን ያየ ነገ ያንኑ ያህል ይቀነስበት። በተቆጣንበት ሰዓት አንወስን፤ ውዱእ አድርገን እንመለስ። አባት የከለከለውን እናት በጓሮ አትፍቀድ፤ እናት የከለከለችውንም አባት በልጁ ፊት አይሻር። ካልተስማማን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንነጋገር።

በልጆቻችን መካከልም ፍትሕ ይኑር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ምስክር እንዲሆኑለት የጠየቃቸውን አባት አልመሰክርም ብለውታል። ይህ ለስጦታ ብቻ አይደለም። ሴት ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ ሰሐን ስታጥብ፣ ቡና ስታቀራርብና ሕፃን ስታዝል፣ ወንድሟ ኳስ ተጫውቶ መጥቶ ቢያጠና፣ ፈተና ላይ እኩል አልተቀመጡም። እሷም ተማሪ ናት። ሥራውን ለሁለቱም በየተራ እናካፍል።

እናታቸው ወይም አባታቸው ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገር ሄደው ከአያት ወይም ከአክስት ጋር የሚያድጉ ብዙ ልጆችም አሉ። በስደት ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ልጆች ከምትልኩት ገንዘብ እኩል የምትደውሉበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ሰዓቱን ቋሚ አድርጉት። የቤቱን ሥርዐት ከአያትየው ጋር ተስማሙበት፤ በናፍቆት ብዛት ከሩቅ ሆናችሁ አታፍርሱባት።

ከየት እንጀምር?

የዛሬውን ንግግር ሰምታችሁ ሁሉንም ነገ እንጀምር ካላችሁ፣ የጁሙዓው አሥር ሕግ እንዳይደገም እንሰጋለን። ዛሬ ማታ በአንዱ ብቻ ጀምሩ፤ በመኝታ ሰዓት። እሱ ሲስተካከል ሱብሒውም፣ ቁርሱም፣ የእናት ጩኸትም አብሮ ይስተካከላል። ከአንድ ወር በኋላ የሞባይሏን ሰዓት ጨምሩ። ከዚያ የቤት ሥራውን። ስትወስኑ ልጆቹን አስቀምጣችሁ አወያዩዋቸው፤ የተስማማችሁበትን በወረቀት ጽፈው እራሳቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። አንድ ቀን ቢበላሽ ሕጉ ፈረሰ አትበሉ፤ በማግሥቱ ቀጥሉ። እንግዳ በመጣ፣ ሠርግ በሆነ፣ ረመዷን በገባ ጊዜ ሰዓቱ ሊሸጋሸግ ይችላል። ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለስ።

ልጆቻችን የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሆነው የሚቆዩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። እጃችንን ይዘው መስጂድ የሚሄዱበት፣ የነገርናቸውን ሁሉ የሚያምኑበት ዘመን ፈጥኖ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አብሯቸው የሚቀረው በእነዚህ ዓመታት የለመዱት ነው።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። በቁጣ ካጠፋናቸው ቀናት ይቅር ይበለን። ለጥቂቷም ሥራ ጽናቱን ይስጠን። አሚን።